ሚኒስትር ሆኜ የቆምሁባቸው ቀናት

በዚያ ቀን ጧት አል ዓይን ከተማ፣ ዛኸር ሰፈር ባለው ቤት፣ መጅሊስ በሚሉት የእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ የነበሩትን ልዘርዝር። የምክር ቤት አባሏ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ኮምፒዩተሯ ፊት ተቀምጣለች፤ ከበስተጀርባዋ ባንዲራው ቆሟል። እናቷ ሐጃ በቀኝ በኩል ከግድግዳው ሥር ምንጣፍ ላይ ትራስ ተደግፈዋል፤ ካሜራው እንዳያገኛቸው ቦታውን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። የሐጃ የበኩር ልጅ የኮሮና ጭምብሉን እንዳደረገ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ በእጁ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። ሾፌሩ ከበሩ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ሥራው ለዚያች አንድ ሰዓት ማንም እንዳይገባ፣ ፎቅ ላይ ያሉት ልጆችም ኢንተርኔቱን እንዳይሻሙ መጠበቅ ነው። እኔ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ፣ ከእሷ ፊት ለፊት፣ ሁለት እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜያለሁ። እዚያ እንድቆም ያዘዘችኝ እሷ ናት። "ኻላ፣ ለመስታወት መናገር አልችልም፤ የሰው ፊት ልይ" ብላኝ ነበር። ኻላ ማለት አክስት ማለት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራኝ እንዲያ ነው።

ስለ እሷ ስጽፍ አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ አሁን የአገር ሰው ናት። ነገር ግን እዚህ ቤት ስገባ አራት ዓመቷ ነበር። ጸጉሯን ያበጠርሁላትን ልጅ አንቱ ማለት አይሆንልኝም።

እኔ ከወሎ የመጣሁ ነኝ። ደሴ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው የወጣሁት። የዓረብኛውን ፊደል ከልጅነቴ ቁርአን ቤት አውቀው ነበር፤ ቋንቋውን ግን የተማርሁት ከዚህች ልጅ ጋር ነው። አንደኛ ክፍል ስትገባ እኔም አብሬያት ገባሁ ማለት ይቻላል። በዚያ ቤት ልጅ ያጠናውን የሚያሰማው ቆሞ ነው፤ አንድ ሰው ደግሞ መጽሐፉን ይዞ ከፊቱ ይቆማል። አባቷ ሞተዋል፤ ሐጃ ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ መጽሐፉን የምይዘው እኔ ነበርሁ። ስትሳሳት አልናገራትም፤ ገጹን በጣቴ መታ አደርጋለሁ። ራሷ ተመልሳ ታስተካክላለች።

ዩኒቨርሲቲ ገብታም አልተወችውም። ባል አግብታ፣ ልጆች ወልዳ፣ በኋላም ምክር ቤት ገብታ አልተወችውም። የምክር ቤቱ አሠራር እንዲህ ነው፤ አባሉ ጥያቄውን በጽሑፍ አስቀድሞ ይልካል፤ ጉዳዩ የሚመለከተው ሚኒስትር መጥቶ መልስ ይሰጣል፤ ከዚያ ጠያቂው አስተያየት የሚሰጥባት ጥቂት ደቂቃ አለችው። ከዚያ ወዲያ ኸላስ፣ ሌላ ዕድል የለም። ስለዚህ ሰው ሚኒስትሩ ምን ብሎ እንደሚመልስ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። በእኛ ቤት ሚኒስትሩ እኔ ነበርሁ። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በፊት ከወጥ ቤት ትጠራኛለች፤ እጄን ታጥቤ እመጣለሁ፤ ቆሜ እመልስላታለሁ።

ሐጃ በዚህ ይስቁ ነበር። "የዛሬው ሚኒስትር ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል" ይሉ ነበር።

በሽታው በገባ ጊዜ ስብሰባው ሁሉ በኮምፒዩተር ሆነ። ከአል ዓይን ወደ አቡ ዳቢ የሚወስደውም መንገድ ለጊዜው ተዘጋ። በዚያ ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች አዘጋጀች። አንዱ ስለ ትምህርት ነበር፤ ልጆች በቤት ሲማሩ፣ እናት ሥራ ላይ ስትሆን፣ ከልጁ አጠገብ የሚቀመጠው ማነው የሚል። ሁለተኛው መንግሥት ውሳኔውን በስልክ ብቻ ሲያወጣ ስልክ የማይነካ ሰው በምን ይሰማል የሚል። ለሁለቱም ሚኒስትር ሆኜ ቆሜያለሁ፤ ሁለቱም በደህና አለፉ። ሦስተኛው የባንክ ጥያቄ ነው። የዚያን መነሻ መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ ከእኔም ነበርና።

ሐጃ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ በየወሩ አል ኸቢሲ ሰፈር ወዳለው የባንክ ቅርንጫፍ ራሳቸው ይሄዱ ነበር። አውራ ጣታቸውን ያትማሉ፤ ጉዳያቸውን ይጨርሳሉ። ከሚያወጡት ውስጥ በባንኩ በኩል ለሰው የሚልኩት አለ። ለማን እንደሚሰጡ ማንም አያውቅም። ልጆቻቸው አያውቁም፤ ያን ያህል ዓመት አብሬያቸው ኖሬ እኔም አላውቅም። ሰደቃ ከታወቀ ጉራ ነው ይላሉ።

ቅርንጫፉ ተዘጋ። በሩ ላይ በስልክ ተጠቀሙ የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ትልቁ ልጅ አዲስ ስልክ ገዝቶ አመጣና የባንኩን አፕ ጫነላቸው። ስልኩ በመጀመሪያ መታወቂያ ጠየቀ፤ አሳየነው። ቀጥሎ ፊት ጠየቀ። ወደ ካሜራው ይመልከቱ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ይግለጡ ይላል።

ሐጃ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ቡርቃ ያደርጋሉ፤ ግንባርንና አፍንጫን የሚሸፍን፣ የዚያ አገር አሮጊቶች የሚያደርጉት የፊት ጭምብል ነው። ከሴትና ከቤተ ዘመድ በቀር ፊታቸውን ያየ የለም።

"ፊቴን ለስልክ?" አሉ። "ስልኩ ወዴት ይወስደዋል?"

"ወደ ባንኩ" አለ ልጃቸው።

"ባንኩ ውስጥ ማን አለ?"

ስልኩን ትቶ ሄደ።

በማግስቱ ሐጃ ጠሩኝ። ስድሳውን ዓመት አልፌያለሁ፤ እሳቸው እስከ ዛሬ ያ ቢንት ነው የሚሉኝ፣ አንቺ ልጅ እንደማለት።

"ያ ቢንት፣ አስቤበታለሁ። ባንኩ የፈለገው ሰውየው በሕይወት መኖሩን ማወቅ ነው። ለዚህ ነው ዓይን ክደኑ ግለጡ የሚለው። የሞተ ሰው አይከድንም፣ አይገልጥም።"

"እውነት ነው" አልሁ።

"አንቺም በሕይወት አለሽ።"

"አልሐምዱሊላህ።"

"እንግዲያውስ ክደኚ።"

አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሁ ሴት ነኝ፤ ነገሩ ግን ልክ መሰለኝ። ስልኩን ይዤ ዓይኔን ጨፈንሁ፣ ገለጥሁ። አይሆንም አለ። ሐጃ መብራቱ አንሶ ነው ብለው መስኮት አጠገብ አቆሙኝ። አይሆንም አለ። ሻርፑን ከግንባርሽ አሽሺው አሉኝ፤ አሸሸሁ። በሦስተኛው ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ። ጽሑፉን ማንበብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሒሳቡ ተዘግቷል፤ ባለቤቱ በአካል ቀርበው ያስከፍቱ ይላል። የሚቀርቡበት ቅርንጫፍ ደግሞ ዝግ ነው።

"ምን አለ?" አሉኝ ሐጃ።

ነገርኋቸው። "ለማንም አትንገሪ" አሉ። ሦስት ቀን አልተናገርሁም።

በአርብ ምሳ ላይ ትልቁ ልጅ ወረቀት ይዞ መጣ። የውክልና ወረቀት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እናቱን ይወዳል።

"ኡሚ፣ አንድ ጊዜ አሻራሽን ብቻ። ከዚያ ሁሉን እኔ እሠራልሻለሁ። አንቺ ቁጭ ማለት ነው።"

"አባትህ ሲሞት ስንት ዓመትህ ነበር?"

"አስራ አንድ።"

"ያን ጊዜ ማን ወከለኝ?"

"ያን ጊዜ ኮሮና አልነበረም።"

"ያን ጊዜ አንተን ጨምሮ አምስት ልጅ ነበር" አሉና ሩዙን ወደ እሱ ገፉለት። "ብላ፣ ይቀዘቅዛል።"

በላ። ሲነሣ ግን ወሩ እስኪያልቅ እንዲያስቡበት ነገራቸው፤ ወረቀቱን ሳይሰጥ ይዞት ሄደ። ያን ወረቀት ካተሙ ለማን ምን እንደሚሰጡ ልጃቸው ያያል። ካላተሙ ደግሞ የሚጠብቋቸው ሰዎች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ይህን ያስጨነቃቸው መሆኑን ያወቅሁት ስግደታቸው ስለ ረዘመ ነው።

ያን ዕለት ማታ ለልጅቷ ነገርኋት። ምንም አልቀነስሁም።

"ስንት ጊዜ ጨፈንሽ?" አለችኝ።

"ሦስት ጊዜ።"

"በእናቴ መታወቂያ?"

"አዎ።"

ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ስትስቅ አገኘኋት። "ሁለታችሁ ከምክር ቤት ልታስባርሩኝ ነው" አለች። ጧት ባንኩ ዘንድ ደውላ የሆነውን እንዳለ ነገረቻቸው፤ ደብቃ አታውቅም። መዘገቡ፤ ከመቅረብ በቀር ሌላ መንገድ የለም አሉ።

"ይህን ለምን በምክር ቤት አትጠይቂም?" አልኋት።

"የእናቴን ጉዳይ ይዤ በሰው ፊት አልቆምም። ደንቡም አይፈቅድም። የአንድ ሰው ጉዳይ ጥያቄ አይሆንም።"

"የአንድ ሰው መሆኑን በምን አወቅሽ?"

አየችኝና ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ ግን ዝም አላልሁም። አል ዓይን ውስጥ ያገሬ ልጆች ያልገቡበት ቤት ጥቂት ነው። አል ጃሂሊ አንዷን፣ አል ኸቢሲ ሦስቱን፣ እዚያው ዛኸር ጎረቤት ያለችውን፣ አንድ በአንድ ደወልሁላቸው። ማዳሟን ሳይሆን የማዳሟን እናት ነበር የጠየቅሁት፤ አሮጊቷ ባንክ እንዴት ሆኑ እል ነበር።

"የኛዋማ ስልኩን ወረወሩት፤ መስታወቱ ሁለት ሆኗል" አለችኝ አንዷ።

"የኛዋ ከነቡርቃቸው ተነሱ፤ ስልኩ ፊት አላገኘሁም አላቸው። ፊት የለሽም አለኝ ብለው ሁለት ቀን አኩርፈው ነበር" አለች ሌላዋ።

"ለልጃቸው ፈረሙ። አሁን ጨው እንኳ ሲያስገዙ እሱን ነው የሚያስፈቅዱት" አለች ሦስተኛዋ። ይህችኛዋ ስትናገር አልሳቀችም።

የማንንም ቤት ስም ሳልጠቅስ፣ ሰፈሩንና የሆነውን ብቻ በቤት ዓረብኛዬ በደብተር ጻፍሁ። በጥሩ ጽሕፈት ገልብጬ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ተቀምጣ ደገመችው። "ኻላ፣ ይህን ማን አዘዘሽ?" አለችኝ።

"ማንም።"

ጥያቄውን በዚያው ሳምንት ጻፈች። እጄን ታጥቤ መጣሁ፤ ቆምሁ። ሐጃ ከትራሳቸው ላይ ሆነው ያዳምጣሉ። አነበበች።

"በዕድሜ የገፉና አቅመ ደካማ የሆኑ ደንበኞች፣ ቅርንጫፎች በተዘጉበት በዚህ ጊዜ፣ የባንክ አገልግሎት የሚያገኙበት መንገድ ምንድን ነው?"

ሚኒስትር መሆን ሲያውቁበት ከባድ አይደለም። ድምፅን ዝግ ማድረግና ማመስገን ነው። "የተከበሩ አባል፣ ስላነሡት ጥያቄ አመሰግናለሁ" አልሁ። "መንግሥት ለአቅመ ደካሞች ያስባል። ሕጉ ውክልናን ይፈቅዳል። በቤተ ዘመድ መካከል መረዳዳት የአገራችን ባህል ነው። ልጅ ለእናቱ ይሠራል። ስለዚህ ችግር የለም።"

እሷ ለመመለስ አፏን ስትከፍት ከምንጣፉ በኩል ድምፅ መጣ።

"አቅመ ደካማ ማነው?"

"ኡሚ፣ አባባል ነው" አለች።

"ማነው ደካማ? እኔ ነኝ? ትናንት ያን ትልቅ ድስት ያነሣ ማነው? ያ ቢንት፣ ማነው ያነሣው?"

"አንቱ ነዎት" አልሁ። እውነት ነበር።

"አየሽ? ሚኒስትሩ እንኳ መስክሯል።"

ልጅቷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በቅሬታ አየችኝ፤ "መልሱን ለምን እንዲህ አደረግሽው? ምንም አላስቀረሽልኝም" አለች።

"ጥያቄሽ ነው የሰጠኝ" አልኋት። "አልቻሉም ካልሽኝ፣ የሚችል ሰው እሰጥሻለሁ። ሌላ ምን ልበል?"

ገጹን መታ ማድረግ አላስፈለገኝም። ራሷ ወረቀቱን አንሥታ አየችው፤ "አቅመ ደካማ" ያለችበትን በእስክሪብቶ ሰረዘችው። ከዚያ እናቷን እየተመለከተች ጠየቀች።

"ኡሚ፣ መታወቂያ ሲያወጡልሽ ፎቶ አልተነሣሽም እንዴ?"

"ተነሥቻለሁ። ሴት ልጅ በሩን ዘግታ አነሣችኝ። እዪ አልኋት፣ አየችኝ፣ ጨረሰች፣ ለበስሁ። ያ መንግሥት ነው። ባንክ ከመንግሥት ይበልጣል እንዴ?"

ልጅቷ ጻፈች። እስኪመሽ አራት ጊዜ አስነሥታኛለች። በአራተኛው ላይ ሚኒስትሩ የሚለው አጣ። እውነቱን ለመናገር አልሸነፍላትም ብዬ በጣም ታግዬ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ጧት ልመለስ።

ተራዋ ሲደርስ ጥያቄውን አነበበች። ጉዳያቸውን ራሳቸው ሲፈጽሙ የኖሩ አረጋውያን ያን መብታቸውን እንዴት ይዘው ይቀጥላሉ የሚል ነው። ቀጥሎ የሚኒስትሩ ድምፅ ከኮምፒዩተሩ መጣ። ከጀርባ ስለቆምሁ መልኩን አላየሁም። አመሰገነ። መንግሥት ያስባል አለ። ሕጉ ውክልናን ይፈቅዳል አለ። በቤተ ዘመድ መካከል ስለ መረዳዳት ተናገረ። ልጅቷ ከኮምፒዩተሩ በላይ ዓይኗን አንሥታ አየችኝ። ምንጣፉን ተመለከትሁ፤ ቀና ብል ኖሮ ሁለታችንም እንስቅ ነበር።

የአስተያየት ጊዜዋ ደረሰ። ወረቀቱን አልነካችም።

"ክቡር ሚኒስትር፣ ስለማይችል ሰው አልጠየቅሁም" አለች። "ስለሚችል ሰው ነው የጠየቅሁት። ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች፣ ጉዳይዋን ዕድሜዋን ሙሉ በራሷ እጅ የፈጸመች ሴት፣ ዛሬ በአንድ የስልክ ፕሮግራም ምክንያት ወኪል ያስፈልጋታል ትባላለች። ልጇ ደግ ነው። ደግነቱ ግን የእሷን እጅ አይተካም። መንግሥት መታወቂያ ሲሰጣት በተዘጋ ክፍል፣ በሴት ሠራተኛ ፊቷን አይቷል። ባንኩ ከመንግሥት የበለጠ ምን ሊያይ ፈለገ? አንድ ክፍልና አንዲት ሴት ሠራተኛ ነው የምንጠይቀው። እንዲህ ያሉ ሴቶች በየሰፈሩ አሉ፤ የደረሰባቸውን በጽሑፍ አያይዤ ልኬያለሁ።"

የተያያዘው የእኔ ደብተር ግልባጭ ነው፤ ወደ ምክር ቤቱ መደበኛ ዓረብኛ የመለሰችው እሷ ናት።

ኮራሁ። ይህን ቃል ስለ ራሴ ብዙ ጊዜ አልተናገርሁትም።

ሚኒስትሩ ነጥቡ ትክክል ነው አለ፤ ባንኮቹ በቀጠሮ የሚሠራ የሴቶች ክፍል እንዲያዘጋጁ በጽሑፍ እንደሚጠይቃቸው ቃል ገባ። ሰብሳቢው ወደ ሌላ ሰው አለፉ። ልጅቷ ድምፁን ዘጋችና ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች።

"ጨረሰ?" አሉ ሐጃ።

"ጨረሰ፣ ኡሚ።"

ትልቁ ልጅ በሩ አጠገብ እንደቆመ ወረቀቱን አንድ ጊዜ ደግሞ አጥፎ ኪሱ ከተተው። "እንግዲያውስ እንጠብቅ" አለ።

"ማን ያስቸኩልሃል" አሉት።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። "ኻላ፣ ሚኒስትሩ ካንቺ ያንሳል።"

"ብቻውን ሆኖ ነው" አልሁ። "እኔ ሐጃ ነበሩልኝ።"

ከባንኩ የተደወለው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አሁን አላስታውስም፤ ረመዳን ግን አልፎ ነበር። ክፍሉ ተዘጋጅቷል፤ ለጊዜው ግን አቡ ዳቢ ያለው ቅርንጫፍ ብቻ ነው አሉ። መንገዱ ተከፍቷል፤ የኮሮና ምርመራ ወረቀት ግን ያስፈልጋል። ሐጃ አፍንጫቸውን ለማስመርመር መኪናው ውስጥ ሆነው ቡርቃቸውን ከፍ ማድረግ ነበረባቸው። መርማሪዋ ያገሬ ልጅ ስለነበረች በአማርኛ "እማማ፣ መስኮቱን በሻሽ ጋርደሽላቸው ያዢልኝ" አለችኝ። ጋረድሁ። ሐጃ ሲያስነጥሳቸው ባንኩን ረገሙት።

በማግስቱ ሾፌሩ ወሰደን። ልጅቷ ልሂድ ብላ ነበር፤ ሐጃ አይሆንም አሉ። "አንቺ ሥራሽን ሠርተሻል" አሏት። ትልቁ ልጅም ልውሰዳችሁ ሲል ተመሳሳይ መልስ አገኘ። መንገዱን ሁሉ ሐጃ መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ ሄዱ። አሸዋው አልቆ ከተማው ሲጀምር መቁጠሪያቸውን ቦርሳቸው ውስጥ አስገቡ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የአሻራ ማሽን። ሠራተኛዋ ወጣት የአገሩ ልጅ ናት፤ ጭምብል አድርጋለች፤ ለሐጃ ተነሥታ ቆመች። እኔ ቦርሳቸውን ይዤ ከኋላ ገባሁ። መታወቂያውን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። ሒሳቡ የተዘጋበትን ምክንያት ልነግራት የተዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ልናገር ነበር። ሠራተኛዋ ግን አልጠየቀችም።

"ሐጃ፣ ረዳትዎ አብራን ትቆይ? ለማን ስንት እንደሚላክ የሚያሳየውን ወረቀት ታነብልዎታለች" አለች።

ሐጃ እጃቸውን ወደ ቡርቃቸው ማሰሪያ አንሥተው ነበር። አቆሙ።

"አንቺ ማንበብ አትችይም?" አሏት።

"እችላለሁ።"

"እንግዲያውስ አንብቢልኝ።"

ወደ እኔ አልዞሩም። ቦርሳውን ወንበሩ ላይ አስቀመጥሁና ወጣሁ፤ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።